ሲሳብ የሚጠፋ ድምፅ

አጎቴ ጉሮሯቸውን ሊታከሙ እሺ ያሉት በአንድ ውል ነው፤ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት እኔ ዘፈኖቻቸውን እንድቀዳላቸው።

«የእህቴ ልጅ ትቅዳኝ። ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ይቁረጡኝ» አሉ።

ሚስታቸው እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። እናቴም ዞረች። አጎቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስት ቀጠሮ ሰርዘዋል። ሐኪሙ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ እባጭ እንዳለ፣ ሳይዘገይ መውጣት እንዳለበት፣ ከወጣ በኋላ ግን ድምፃቸው እንደ ድሮው ላይመለስ እንደሚችል ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። አሁን ሁሉም የኔን አፍ ያያሉ። እኔ ደግሞ አፌን ቶሎ የምከፍት ሰው አይደለሁም፤ አጎቴ «ፀጥታ» የሚል ስም ያወጡልኝ ለዚህ ነው።

«እችላለሁ» አልኩ።

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ደንበኞቻቸው «ሬዲዮ» ይሏቸዋል፤ እየዘፈኑ ነው የሚሠሩት። ሦስት የራሳቸው ዘፈኖች አሏቸው። ከሦስቱ ሰው ሁሉ የሚወደው «ቀስ በል መቀሴ» የሚለውን ነው። የመጨረሻዋን ፊደል ይዘው ይስቧታል። ሲስቧት መቀሱ ይቆማል፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ደንበኛ ሳይቀር ዓይኑን ጨፍኖ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጎሚስታው በሰዓት ለካቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። «በዚህ ትንፋሽ ጎማ ቢነፉልኝ ኮምፕሬሰሬን እሸጠው ነበር» አላቸው።

እኔ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ስምንት ወር ሙሉ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲተፋ፣ ከጠረጴዛው ሥር በደበቅኩት ስልክ ሙዚቃ እንዴት እንደሚቀዳና እንደሚቀናበር የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች ሳይ ቆይቻለሁ። ከአስተማሪዎቹ የማዘወትረው አንዱን ነው፤ ኮፍያ ስለማያወልቅ ባለኮፍያው እለዋለሁ። ቋንቋው ስለሚፈጥንብኝ ፍጥነቱን ቀንሼ ነው የማዳምጠው። ስለዚህ ለእኔ አስተማሪዬ ሁልጊዜ እንቅልፉን ያልጨረሰ ሰው ነው። አንድ ቀን ሳላስበው በትክክለኛ ፍጥነቱ ከፈትኩት፤ የተቆጣኝ መስሎኝ ዘጋሁት።

የሚለውን በደብተር እጽፋለሁ። ከማይኩ አንድ ስንዝር መራቅ። የድምፅ መለኪያውን ቀይ መስመር አለመንካት። በቀረጻ መሃል ለዘፋኙ ድምፁን መልሶ አለማሰማት፤ ራሱን የሰማ ዘፋኝ መጠንቀቅ ይጀምራል። ክፍሉ መንገድ ዳር ከሆነ የመቅጃ ፕሮግራሙን ጫጫታ ማጥፊያ ማብራት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራት ደብተር ሞልቻለሁ። እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የቀዳሁት ሰው ግን አንድ ብቻ ነበር። እኔን ራሴን፤ ያውም «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» ስል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አጎቴና እትዬ መጡ። ክፍሌ አንድ ናት፤ መስኮቷ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ነው የሚከፈተው። ልብሶቼን አልጋው ላይ ከምሬ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጌዋለሁ። ውስጡን በአራት ብርድ ልብስ አልብሼ ማይኩን መሃል ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ደብተሬ እንደሚለው ጫጫታ ማጥፊያውንም አብርቻለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አጎቴ።

«መቅጃው ነው ጋሼ። እዚህ ውስጥ ይገባሉ።»

«ቁም ሳጥን ውስጥ?»

«ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው።»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳልገኝ ስትጠብቂኝ ኖረሽ፣ ዛሬ በገዛ እጅሽ አስገባሽኝ።»

«ግባ አንተ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አሉ እትዬ። «ሐኪሙ የፈቀደልህ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ መጥቼ አፍህን እይዛለሁ።»

ያለኝ አንድ ጆሮ ማዳመጫ ነው። በኪቦርድ የሠራሁትን አጃቢ እንዲሰሙበት ለአጎቴ ሰጠኋቸው፤ የቁም ሳጥኑን በር ዘጋሁና ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የምከታተላቸው በዓይኔ ነበር። ድምፃቸው ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ ይሳላል፤ ሲጮኹ ይወፍራል፣ ዝም ሲሉ ቀጭን መስመር ይሆናል። ቀዩን እንዳይነካ ጥፍሬን እየበላሁ ጠበቅኩ። አልነካም። ደስ ሊለኝ ሲጀምር «መቀሴ» አሉና ያዟት።

አረንጓዴው ወፍሮ ጀመረ። ከዚያ ቀጠነ። ክር አከለ። ክሩም ጠፋ።

ከቁም ሳጥኑ በኩል፣ በእንጨትና በብርድ ልብስ ታፍኖ፣ ድምፃቸው ሳይነቃነቅ ይሰማኝ ነበር። ጆሮዬ እየሰማ ዓይኔን አመንኩ። በሩን ከፈትኩ።

«ጋሼ... መጨረሻው ላይ ትንሽ ይቀጥናል።»

«ምኑ?»

«ድምፁ። ሲስቡት።»

እጃቸው ሳያውቁት ወደ አንገታቸው ሄደ። «እኔ አልታወቀኝም።»

«አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ?»

ደገሙልኝ። ክሩ ጠፋ። እንደገና አስደገምኳቸው። በሦስተኛው ጊዜ በሩን ስከፍት የአንገታቸው ሥር ተገትሮ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ወርዶ፣ ፊቴን ያነቡ ነበር፤ የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ፊቴን መደበቅ አልቻልኩበትም። የቀሩትን ሁለት ዘፈኖች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ዘፈኑ። እነሱንም ሲስቡ አረንጓዴው ይጠፋ ነበር፤ ይድገሙልኝ ለማለት ግን አልደፈርኩም። እትዬ ሰዓታቸውን አይተው ተነሡ።

«በቃ። ውጣ።»

«ተቀዳ?» አሉ አጎቴ፤ ድምፃቸው ሻክሯል።

«ተቀድቷል ጋሼ።»

ጫማቸውን እያሠሩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ከቀጠነም ይቅጠን እንግዲህ» አሉ።

ከሄዱ በኋላ ጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ ፀሐይ ገና ብርድ ልብሶቹ ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ስንኝ ሲጀምር ገረመኝ። የአውቶቡስ ሞተር የለም፣ የተሳፋሪ ወሬ የለም፤ አጎቴ ብቻ፣ ጆሮዬ ሥር የተቀመጡ ያህል። ከዚያ «መቀሴ» አሉ። አንድ ሰከንድ፤ ሁለት ሰከንድ። በሦስተኛው ድምፃቸው ውሃ ውስጥ እንደገባ ነገር ተልፈሰፈሰ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ባዶ። ባዶው ሲያልቅ ትንፋሽ ሲስቡ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ሦስቱንም የ«መቀሴ» ቀረጻ አስተያየሁ። ሦስቱም የሚጠፉት ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ነው። የታመመ ጉሮሮ እንዲህ ሰዓት ቆጥሮ አይደክምም።

ማይኩ ፊት ቆሜ «አአአአ» አልኩ። ጠፋሁ። ጫጫታ ማጥፊያውን አጠፋሁትና እንደገና «አአአአ» አልኩ። ከነአውቶቡሱ፣ ከነተሳፋሪው፣ ድምፄ እስከ መጨረሻው አለ።

ደብተሬን አገላብጬ ያንን ምክር የጻፍኩበትን ቀን አገኘሁ፤ ቪዲዮውንም ፈልጌ ከፈትኩት። ትምህርቱ ለዘፈን አልነበረም። ማይክ ፊት ተቀምጠው ለሚያወሩ ሰዎች ነበር። እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ አይቼዋለሁ፤ በዘጠነኛው ደቂቃ አሠሪዬ ሁለት መቶ ገጽ የሚያስገለብጥ ደንበኛ ይዛ ስለገባች ስልኩን ከድኜ ተነሣሁ። ወደ ቪዲዮው አልተመለስኩም። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ባለኮፍያው፣ በዚያ እንቅልፋም ድምፁ፣ «ለዘፈን ግን እንዳትጠቀሙበት» ይላል። «ሳይለዋወጥ የሚቆይ ድምፅ ከሰማ የማራገቢያ ድምፅ መስሎት ያጠፋዋል።»

እናቴ ጋ ሄድኩ። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ነገርኳት።

«ማን ያውቃል?» አለች።

«እኔና አንቺ።»

«እንግዲያው ሁለት ሰው ይበቃል።»

«እማዬ፣ ባዶ ነው እኮ። የሚስቧት ቦታ የለችም።»

«ባዶም ሆነ ሙሉ፣ ወንድሜ ነገ አራት ሰዓት ላይ ሆስፒታል ይገባል። ሰኞ ይሠራለታል። ከነገርሽው አይገባም፤ አታውቂውም? ከወጣ በኋላ ንገሪው። ያኔ ይቆጣ። በሕይወት ኖሮ ይቆጣ።»

«ከወጣ በኋላ ድምፃቸው ባይመለስስ?»

ያጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ልሰናበታቸው ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ላፕቶፑን ቤት ልተወው ብዬ ሁለት ጊዜ ከበር ተመልሻለሁ፤ መጨረሻ ላይ ከነማይኩና ከነጆሮ ማዳመጫው ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አጎቴ ነጭ ጋዋናቸውን ሳይለብሱ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሳቸውን ዘይት ያጠጡ ነበር። እትዬ የሆስፒታሉን ሻንጣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ በሩ ላይ ቆሟል።

«ፀጥታ መጣች» አሉ አጎቴ። «አምጪያትና ላድምጣት። ሳልሰማት አልገባም።»

«ከወጡ በኋላ ቢሰሟት ጋሼ... ገና አልተስተካከለችም።»

«ሳትስተካከል ነው የምፈልጋት። ስተኛ የምይዘው ነገር ይኑረኝ።»

እትዬ በዓይናቸው ገፉኝ። ላፕቶፑን ማበጠሪያዎቹ መሃል አስቀመጥኩ። አጎቴ ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቀው መስታወቱ ፊት ቆሙ። ከኋላም ከፊትም አያቸዋለሁ፤ የምሸሽበት አጣሁ። መጀመሪያ ፈገግ አሉ። በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ጆሮ ማዳመጫውን በእጃቸው ይበልጥ ተጭነው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፤ እቃ የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚፈትሽ።

አወለቁትና ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ሄዷል ለካ» አሉ።

እትዬ ሻንጣውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«እኔ ነኝ ያልሰማሁት እንጂ ሄዷል። ደንበኞቼም የሚያደንቁኝ አዝነውልኝ ነው እንግዲህ።» ፎጣ አንሥተው እጃቸውን ጠረጉ። «ሴትዮ፣ ተነሺ እንሂድ። የሚወስዱብኝ ነገር የለም። ይቁረጡት።»

እትዬ ለወራት የያዙትን ትንፋሽ ተነፈሱ። ሻንጣውን ይዘው ተነሡ። የእናቴ ምክር እሷ ካሰበችው በላይ ሠርቷል። ከእኔ የሚፈለገው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ በዓለም ላይ ከሁሉ በተሻለ የምችለው ሥራ ነው። አጎቴ መብራቱን ሊያጠፉ እጃቸውን ዘረጉ። ትከሻቸው ወርዷል። አንድ አዳር ውስጥ አሥር ዓመት የጨመሩ መሰሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ያጠፋው ማሽኑ ነው። አይደለም... እኔ ነኝ። ጫጫታ የሚያጠፋ ነገር አብርቼበት ነበር። ሳይለዋወጥ የሚቆይ ድምፅ ከሰማ ማራገቢያ መስሎት ያጠፋዋል። እርስዎ ሲስቡት አይንቀጠቀጥም፣ ቀጥ ይላል። ቀጥ ስላለ ነው ያጠፋው። ድምፅዎ አልሄደም።»

«ማራገቢያ?» አለ ጎሚስታው። «ሬዲዮን ማራገቢያ አለቻቸው!» ማንም እንዳልሳቀ ሲያይ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«ምነው ልጄ?» አሉ እትዬ። ሻንጣው ከእጃቸው ወርዶ ወለሉን መታ። «ምነው አሁን? ምነው አንድ ቀን ብትታገሺኝ?»

አጎቴ ወደ እኔ መጡ። «ሦስት ጊዜ አዘፈንሽኝ።»

«አዎ።»

«ይቀጥናል አልሽኝ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ትናንት ምራቄን ስውጥ እንኳ እያዳመጥኩ ነው ያደርኩት።» አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት። እንደሄዳችሁ።»

«ዛሬ አምጪያት ባልልሽስ ኖሮ?»

ዓይኔን ወደ ማበጠሪያዎቹ መለስኩ። ስም ያወጡልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ዝምታዬን ማንበብ ያውቃሉ። አንገታቸውን ነቅንቀው ሄዱና ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

የግድግዳው ሰዓት ሦስት ከሃያ አምስት ይላል። በጎሚስታው በኩል ኮምፕሬሰሩ ያጓራል። እትዬ አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ሻንጣውን ያያሉ። «አንተ ሰው» አሉ በመጨረሻ፣ «አልሄድም የምትል ከሆነ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። በእናቴ ፊት እንዴት እንደምቆም አሰብኩ። ሰኞ ባዶ የሚሆነውን የሆስፒታል አልጋ አሰብኩ። በዚያ ወንበር ላይ የማላያቸውን ቀን አሰብኩ።

«ስለዚህ አለ» አሉ አጎቴ።

«ምኑ?» አሉ እትዬ።

«ድምፄ።»

«አለ ጋሼ» አልኩ።

«ክፈቺው እንግዲህ።»

«ሐኪሙ ምን እንዳለህ ረሳኸው?» አሉ እትዬ።

«አንዷን ብቻ። ሁለቱ ይቅሩ።»

«ከዚያስ? ከዚያ ትሄዳለህ?»

አጎቴ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ አዞሩ። እትዬ ሰዓቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሻንጣውን አነሡ። «አንድ» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለአጎቴ አልገባኝም።

ቁም ሳጥን የለም፣ ብርድ ልብስ የለም። ማይኩን በመላጫ ሳሙናው ጣሳ ላይ በላስቲክ አሠርኩት። ጫጫታ ማጥፊያው መጥፋቱን አየሁ። እንደገና አየሁ። ዞር ብዬ ተመልሼ ለሦስተኛ ጊዜ አየሁ። ጎሚስታው ሳልነግረው ሮጦ ኮምፕሬሰሩን አጠፋ፤ ጎማው የተነፈሰበት ደንበኛ ጥሩንባ ሲነፋበት «ሦስት ደቂቃ ጌታዬ፣ ሦስት ደቂቃ! ሰው ሊዘፍን ነው!» ሲለው ተሰማኝ። ደንበኛው ምን እንደመለሰ ባልጽፈው ይሻላል።

አጃቢ አልሰጠኋቸውም። ጆሮ ማዳመጫውን እኔ አጠለቅኩት።

አጎቴ ጀመሩ። ድምፃቸው በትናንቱ ድግግሞሽ ሻክሯል፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ሰው በጥንቃቄ አለፉት። ሁለተኛው ላይ መንገዱን አገኙት። የሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል፣ የእትዬ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፣ መንገዱ በሙሉ ይሰማኛል። ስክሪኑን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

«መቀሴ» አሉና ያዟት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት ላይ አለ። አራት ላይ አለ። ሰባት ላይ ቀጥ ብሎ አለ። ዘጠኝ ላይ ድምፃቸው እንደ ጨርቅ ለሁለት ተቀደደ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ከዚያ ቆመ።

ዓይኔን ስከፍት በሩ ላይ ጎሚስታው የእጅ ሰዓቱን ይዞ ቆሟል። ቁጥሩን አልተናገረም።

«ልድገማት» አሉ አጎቴ፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው።

«አትደግማትም» አሉ እትዬ።

አጎቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ይቺ የተቀደደችው... እሷንም ማሽኑ ነው?»

ለአንድ ቅጽበት መዋሸት ቀላል ነበር። «አይደለም ጋሼ። እሷ የእርስዎ ናት።»

ጉሮሯቸውን በሁለት ጣት ዳሰሱት፤ ትናንት ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደዳሰሱት አይደለም፣ ደንበኛ ከመላጨታቸው በፊት ቆዳውን እንደሚፈትሹት ነው።

«እንግዲያው እንዳትነኪያት» አሉ። ተነሥተው ሻንጣውን ከእትዬ እጅ ተቀበሉ።

እትዬ ቁልፉን ይዘው ወደ በሩ ፈጠኑ፤ አጎቴ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ሊያስወጧቸው። ታክሲ ቆመ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ድምፁ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ በእኔ ላፕቶፕ፣ በእኔ እጅ።

«ቆዩ!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ዞሩ። እኔም ደነገጥኩ። «ሌላ ቦታ ሳልገለብጠው አይሂዱ። ከተበላሸ... ጋሼ፣ እስኪያልቅ ብቻ።»

አሮጌ ፍላሽ ቁልፌ ላይ አለ። ሰካሁት። ስክሪኑ ላይ የተገለበጠው ከመቶ ስንት እንደሆነ መቁጠር ጀመረ፣ በአሥራ ሁለት ቆመ፣ ደግሞ ቀጠለ። ባለታክሲው ጥሩንባ ነፋ። ጎሚስታው ወደ ኮምፕሬሰሩ ሲያመራ እትዬ «እንዳታስነሳው! መብራቱን ያጠፋብናል!» ብለው አፈጠጡበት፤ አንድ እግሩን አንሥቶ ባለበት ቆመ።

አጎቴ ሻንጣቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ከንፈራቸውን ገጥመው ይጠብቁኛል። እትዬ እጅጌያቸውን አልለቀቁም።

«ስንት ደረሰ?» አሉ እትዬ።

«ሰባ ስምንት።»

ባለታክሲው እንደገና ነፋ። አጎቴ ሳይዞሩ መዳፋቸውን ወደ ኋላ አሳዩት።

«ሰማንያ» አልኩ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።